ያልተሰፋው ጥግ፦ የወይዘሮ አሰገደች ይፍሩ ዜና ሕይወት

የተከበራችሁ ካህናት አባቶቻችን፣ የዕድራችን ሰብሳቢዎችና አባላት፣ ከቅርብም ከሩቅም መጥታችሁ ሐዘናችንን የተካፈላችሁ ወዳጅ ዘመዶች፤ ፀሐዩ እንደጠነከረ፣ ከቤት እስከዚህ ቅጥር ድረስም አስከሬን አጅባችሁ በእግራችሁ እንደመጣችሁ ቤተሰቡ ያውቃል። ቢሆንም ወይዘሮ አሰገደች ይፍሩ በሕይወት ሳሉ ማንንም ደንበኛ ሥራው ሳያልቅ ከሱቃቸው ስለማያሰናብቱ፣ ዛሬም ታሪካቸው ተነብቦ እስኪያልቅ ድረስ ማንም ከቆመበት እንዳይንቀሳቀስ አደራ ብለዋል። ይህን ዜና ሕይወት የሚያነበው ታናሽ ወንድማቸው ከፋለ ይፍሩ ነው። ጽሑፉ የተዘጋጀው እርሳቸው በሕመም አልጋ ላይ ሳሉ ሲሆን፣ ደጋግመው አስነብበው እየሰሙ፣ ለስለስ ያለውን ቃል እያስወጡ፣ ጠንከር ያለውን እያስገቡ ራሳቸው ያረሙት ስለሆነ፣ ቅር የሚለው ሰው ቢኖር ቅሬታው ከአንባቢው ጋር ሳይሆን ከባለታሪኳ ጋር ነው።

ወይዘሮ አሰገደች ከአባታቸው ከአቶ ይፍሩ ደስታና ከእናታቸው ከወይዘሮ የኔአለም ሰይፉ፣ በቀድሞው አጠራር በሸዋ ክፍለ ሀገር በደብረ ሲና ከተማ በ1957 ዓ.ም. ተወለዱ። አባታቸው በገበያው ዳር በረንዳ ላይ በእግር የሚረገጥ የልብስ ስፌት መኪና ዘርግተው የሚተዳደሩ፣ የተበላሸ ስፌት ካዩ ደንበኛው ፊት ተርትረው እንደገና የሚሰፉ ጠንቃቃ ሰው ነበሩ፤ ልጃቸውም ከመኪናው ሥር የወደቀ ቁራጭ ጨርቅ እየለቀሙ መርፌ መያዝን ፊደል ከመቁጠራቸው በፊት ለመዱ። ገና በልጅነታቸው የታወቁበት ጠባይ ግን ስፌቱ ብቻ አልነበረም፤ የተደረገላቸውን መልካም ነገር እንደማይረሱ ሁሉ የተደረገባቸውንም አይረሱም ነበር። አራተኛ ክፍል ሳሉ አንድ መምህር ባላጠፉት ጥፋት በክፍሉ ልጆች ሁሉ ፊት አንበርክከው ገረፏቸው። እርሳቸውም በዓመቱ፣ መምህሩ ለፋሲካ የሚለብሱትን ሱሪ አባታቸው ዘንድ አሰፍተው ሳይወስዱት በፊት፣ አባታቸው ለምሳ በሄዱበት ሰዓት አንደኛውን እግር በጣት ያህል አሳጥረው ዘመዘሙት፤ መምህሩም ያን ፋሲካ ወደ አንድ ጎን ያዘነበሉ እየመሰሉ ዋሉ። ወይዘሮ አሰገደች ይህን ሲያወሩ እስከ መጨረሻው ይስቁ ነበር እንጂ ተጸጽተው አያውቁም።

የአንደኛ ደረጃ ትምህርታቸውን በትውልድ ከተማቸው፣ የሁለተኛ ደረጃውን በደብረ ብርሃን ተከታትለው አሥራ ሁለተኛ ክፍልን በጥሩ ውጤት አጠናቀቁ። ኮሌጅ ለመግባት ሲዘጋጁ አባታቸው በድንገት ስላረፉ፣ ታናሽ ወንድማቸው እንዲማር ብለው እርሳቸው መኪናው ላይ ተቀመጡ። ወንድማቸው የተማረው፣ ዛሬም እዚህ ቆሞ ፊደል የሚያነበው፣ እርሳቸው እግራቸው እስኪያብጥ መርገጫውን ስለረገጡለት ነው።

በ1985 ዓ.ም. ይኸው ወንድማቸው በመምህርነት መቐለ ሲመደብ ለሁለት ሳምንት ሊጠይቁት መጥተው ሠላሳ ሦስት ዓመት ቆዩ። በመቐለ ዳር ባለችው በቁሓ፣ ወታደሮች ከካምፕ ወጥተው ሻይ በሚጠጡበት መንገድ ዳር አንዲት ጠባብ ሱቅ ተከራይተው የደንብ ልብስ ማስተካከል፣ ማዕረግ መስፋት፣ ቁልፍ መትከል ጀመሩ። ትግርኛውን ከደንበኞቻቸው ጋር እየተከራከሩ ስለተማሩት የሚጣፍጥላቸው ክርክሩ ነበር። አካባቢው መጀመሪያ «እታ ሸዋይቲ»፣ ያች የሸዋ ሴት፣ እያለ ሲጠራቸው ቆይቶ፣ ጥቂት ዓመት ሲያልፍ «አደይ አሰገደች»፣ እናታችን አሰገደች፣ አላቸው፤ ሲሞቱም ያለቀሰላቸው በዚሁ ስም ነው።

በዚያችው ሱቅ የተዋወቋቸውን ሃምሳ አለቃ ባርናባስ ወልዱን በ1986 ዓ.ም. በሥርዓተ ተክሊል አግብተው ወንድ ልጃቸውን ኤልሳዕንና ሴት ልጃቸውን ሩትን ወለዱ። ሃምሳ አለቃ ባርናባስ ዝምተኛ፣ መታየት የማይወዱ፣ የተሰጣቸውን ሜዳሊያ ከምላጭና ከቁልፍ ጋር በመሳቢያ የሚጥሉ ሰው ነበሩ። ወታደር ያየውን ጦርነት ደረቱ ላይ ማድረግ አለበት ወይስ የለበትም የሚለው ጨዋታ ሻይ ቤት ውስጥ በተነሣ ቁጥር፣ ተኩስ ውስጥ የዋለ ሰው ጀማሪ ወታደር ላይ ባለመጮኹ ይታወቃል፤ ሌላ ምልክት አያስፈልገውም ይሉ ነበር። ባለቤታቸውም ይህን ሐሳብ ወርሰው፣ የሰው ደረት የሱቅ ታፔላ አይደለም እያሉ ምልክት በሚያሰፉ ወጣቶች ላይ ሲያሾፉ ኖረዋል።

የድንበሩ ጦርነት ሲነሣ ሃምሳ አለቃ ባርናባስ ከክፍላቸው ጋር ወደ ሰሜን ዘምተው፣ በ1992 ዓ.ም. ክረምቱ ሊገባ ሲል አንድ ኮረብታ ላይ ከነበረ ምሽግ ሳይመለሱ ቀሩ። የዚያ ምሽግ አዛዥ የነበሩት በጊዜው መቶ አለቃ፣ ዛሬ ሻለቃ ሽመልስ ናቸው። እርሳቸውም ለበላይ ባቀረቡት ቃል፣ ራሳቸው ምሽጉን እስከ መጨረሻው ይዘው እንደቆዩ፣ ሃምሳ አለቃ ባርናባስ ግን ቦታቸውን ለቀው እንደጠፉ ተናገሩ። ቃሉ የአዛዥ ቃል ስለሆነ ተመዘገበ።

በዚህ አንድ ቃል ምክንያት ወይዘሮ አሰገደች ባላቸው ሞተ ተብለው ከል እንዳይለብሱ፣ ይመለሳል ተብለውም ደጅ እንዳያዩ ሆነው ቀሩ። ለጠፋ ሰው ፍትሐት አይደረግም፤ ተስካር አይወጣም፤ ጎረቤትም ምን ብሎ እንደሚያጽናና ይቸግረዋል። ልጃቸው ኤልሳዕ በሚማርበት ትምህርት ቤት በአንድ በዓል የተሰዉ ወታደሮች ልጆች በየስማቸው እየተጠሩ ሲወጡና ሲጨበጨብላቸው፣ እርሱም ተነሥቶ ወደ መድረኩ መሄድ ጀምሮ ነበርና፣ አንዲት መምህርት እጁን ይዘው የአንተ አባት እዚህ ውስጥ የለም ብለው መልሰው አስቀመጡት። ልጁ ይህን ለእናቱ ሲነግራቸው ወይዘሮ አሰገደች አላለቀሱም። የያዙትን ሱሪ ሰፍተው ጨረሱ፣ ክሩን በጥርሳቸው በጠሱ፣ ከዚያም ይህን ያደረገው ሰው ማን እንደሆነ አንድ ቀን አውቃለሁ አሉ።

ጦርነቱ ካበቃ በኋላ ያ የጦር ክፍል ግንባር ለዋሉ ወታደሮቹ በራሱ ወግ አንድ ምልክት አሠራላቸው። በቡናማ መደብ ላይ ሦስት ድንጋይ የተጠለፈበት፣ በግራ ደረት ላይ የሚሰፋ አራት ማዕዘን ጨርቅ ነበር። ወታደሮቹ ወደ ሱቁ ይዘውት ሲመጡ ወይዘሮ አሰገደች አንድ የሚያናድዳቸው ነገር አስተዋሉ። አንዳንዶቹ፣ ብዙ አይደሉም፣ ሦስቱን ጥግ አሰፍተው አራተኛውን፣ በታች በብብት በኩል ያለውን፣ ሳይሰፋ እንዲተው ይጠይቃሉ። ለምን ሲባሉ አይመልሱም። የአቶ ይፍሩ ልጅ ያላለቀ ስፌት ከሱቃቸው እንዲወጣ ስለማይወዱ ይነታረኩ ነበር፤ ደንበኞቹ ግን እንደ ቀልድ እየሳቁ እምቢ ብለው ይወስዱታል።

ምሥጢሩን የነገሯቸው በ1996 ዓ.ም. ሰው ሠራሽ እግር ሊያሠሩ ከገጠር ወደ መቐለ የመጡት አሥር አለቃ በላቸው ናቸው። የኮታቸውን ቁልፍ ሊያስተክሉ ገብተው ሳለ፣ ግድግዳው ላይ የተሰቀለውን የሃምሳ አለቃ ባርናባስን ፎቶግራፍ ሲያዩ ክራንቻቸውን አስደግፈው ቁጭ አሉ። የተናገሩትም ይህን ነው። ያን ቀን መቶ አለቃ ሽመልስ ጥይት አስመጣለሁ ብለው ቀትር ላይ ወደ ኋላ ወርደው ሳይመለሱ ቀሩ። ምሽጉን የያዙት ሃምሳ አለቃ ባርናባስ ነበሩ፤ ቁስለኛው ሁሉ በጀርባ በኩል እስኪወርድ ድረስ፣ ከቁስለኞቹም አንዱ በላቸው ራሳቸው ነበሩ፣ ባርናባስ መትረየሱ ላይ ቆይተው እዚያው በከባድ መሣሪያ ተመቱ። አስከሬናቸውን ማንሣት አልተቻለም።

ከዚያ ኮረብታ በሕይወት የወረዱት ጥቂት ሰዎች ምልክቱ ሲመጣላቸው ገሚሱ በእጁ፣ ገሚሱ በሰፊ ሦስቱን ጥግ አሰፉት፤ አራተኛውን ጥግ ግን እዚያ ለቀሩትና ላልተቀበሩት ብለው ክፍት ተዉት። እዚያ ላልነበረ ሰው ላይናገሩም ተማማሉ። መቶ አለቃ ሽመልስ የራሳቸውን ምልክት የተቀበሉት ከመምሪያ፣ በጠረጴዛ ዙሪያ ስለነበረ ይህን ወግ አላወቁም፤ የነገራቸውም የለም። ይባስ ብለው አንድ ቀን ሰልፍ ሲጎበኙ ከነዚያ ወታደሮች አንዱን አስቁመው፣ ምልክትህ ተገንጥሏል፣ በሥርዓት አሰፋው ብለው ተቆጡት። ወታደሩ እሺ ጌታዬ ብሎ ሰላምታ ሰጠ፤ አላሰፋውምም። አሥር አለቃ በላቸው ይህን ሁሉ የነገሯቸው ያ ክፍት ጥግ የወይዘሮ አሰገደችም ስለሆነ ነው።

ወይዘሮ አሰገደች ያን ዕለት ሱቁን ዘግተው፣ ነጠላቸውን አዘቅዝቀው፣ ከአራት ዓመት በኋላ ለባላቸው ለቅሶ ተቀመጡ። ወሬው ያልገባቸው ጎረቤቶች ማን ሞተ እያሉ መጡ። በሦስተኛው ቀን ከለቅሶው ሲነሡ አሥር አለቃ በላቸውን ምስክር ይዘው ወደሚመለከተው ክፍል ሄዱና የባላቸው ስም ከጠፉት ወጥቶ ከወደቁት ጋር እንዲገባ አመለከቱ። የተሰጣቸው መልስ፣ የአንድ ቁስለኛ ቃል የአዛዥን ቃል ሊሽር እንደማይችልና፣ አዛዡ ራሳቸው ቃላቸውን ካላረሙ በቀር ምንም ማድረግ እንደማይቻል ነበር። ስለዚህ የባርናባስ ስም በአንድ ሰው አፍ ላይ ተንጠልጥሎ ቀረ።

ያ ሰው ደግሞ ብዙም ሳይቆይ በገዛ እግራቸው ወደ ሱቁ መጡ። የሻለቃነት ማዕረግ አግኝተው አዲስ የደንብ ልብስ ይዘው ነበር። ከዚያ ቀደምም የበታቾቻቸውን፣ ባሏ ጥሏት የጠፋ ምስኪን ሴት ናትና ልብሳችሁን እሷ ጋ አሰፉ እያሉ ይልኩ እንደነበር ወይዘሮ አሰገደች ሰምተዋል፤ ምጽዋት መሆኑ ነው። በዕለቱ ሱቁ ውስጥ የነበረው አንባቢው ምስክር ነው። ልብሱን ተቀበሉ፣ ማዕረጉን ለኩ፣ ሻለቃው ከኪሳቸው ያወጡትን ባለ ሦስት ድንጋይ ምልክት ግራ ደረቱ ላይ አስቀምጠው በመዳፋቸው አለሰለሱት።

«ሻለቃ፣ አራቱንም ጥግ ልስፋልዎት?» አሉ።

«አራቱንም። ጥብቅ አድርገሽ» አሉ ሻለቃ ሽመልስ።

ጥብቅ አድርገው ሰፉት። ከላይ በመኪና፣ ከሥር በእጅ፣ በሰም በተለወሰ ድርብ ክር አራተኛውን ጥግ ሰፉና፣ ሻለቃው ለብሰውት ሲወጡ በሩ ድረስ ሸኟቸው። መንገዱ ላይ ሻይ ይጠጡ ከነበሩት መካከል አንድ የቀድሞ ወታደር ቀና ብሎ ደረታቸውን አየ፤ ብርጭቆውንም አስቀምጦ ፊቱን አዞረ። ወይዘሮ አሰገደች ያችን ዐይን አዩ። ከዚያ ወዲያ ለባላቸው ለማስመስከር ደጅ መጥናት ተዉ፤ የሻለቃ ሽመልስ ልብስ እስከተሰፋ ድረስ የሚሰፉት እርሳቸው ብቻ እንዲሆኑ ግን ያላደረጉት ነገር የለም። አዲስ ኮት ሲገዛ፣ አሮጌው ሲያልቅ፣ ጡረታ ወጥተው የሥነ ሥርዓት ልብስ ሲያሰፉ፣ ሁልጊዜ ወደ እርሳቸው ነበር። ዋጋ አይቀበሏቸውም፤ ሻለቃውም ይህን እንደ አክብሮት ይወስዱት ነበር።

በ2004 ዓ.ም. የቀድሞ ወታደሮች መረዳጃ ማኅበር ሓወልቲ አካባቢ በአንድ አዳራሽ ስብሰባ ጠርቶ፣ አባላቱ በበዓልና በቀብር ላይ የግንባር ምልክታቸውን ያድርጉ ወይስ አያድርጉ የሚል ጉዳይ አቀረበ። ክርክሩ የጦፈ ነበር። ገሚሱ ጥይት የተተኮሰበት ሰው ሊታወቅ ይገባል፣ ወጣቱም ከማን እንደሚማር ይለይ ይል ነበር፤ ገሚሱ ደግሞ ምልክቱ ሰውን ይከፋፍላል፣ ወጥ ቤት ሆኖ በመድፍ የሞተው፣ ቁስለኛ ሲያመላልስ የነደደው ሾፌር ምን አደረገ እያለ ይቃወም ነበር። ወይዘሮ አሰገደች ዕድሜ ልካቸውን ምልክት የሚያጣጥሉ ሰው መሆናቸውን ሁሉም ስለሚያውቅ፣ ከተቃዋሚዎቹ ጋር ይቆማሉ ተብሎ ሲጠበቅ፣ ተነሥተው አዳራሹን ጸጥ አሰኙት።

«ይደረግ። ሁሉም ያድርገው። በዓል በመጣ ቁጥር፣ ለቅሶ በወጣን ቁጥር ይደረግ፤ የሚሰፋለት ያጣ ካለ እኔ እሰፋለታለሁ» አሉ።

ቀድመው ያጨበጨቡት ሻለቃ ሽመልስ ነበሩ። በዕለቱ ብዙ ሰው መበለትነቱ አለሰለሳቸው ብሎ ነበር፤ ስለ ባላቸው የያዙትን ቂም ረሱ ያለም አለ። እኅታችን አለመለሳለሳቸውን ዛሬ ሁላችሁም እንድታውቁት ይፈልጋሉ። ምልክቱ እንዲደረግ የተሟገቱት አንድ ሰው ውሸቱን ደረቱ ላይ ሰፍቶ፣ ነገሩን በሚያውቁ ሰዎች ፊት፣ በየበዓሉና በየቀብሩ ቀና ብሎ እንዲሄድ ነው። ስብሰባው በርሳቸው ሐሳብ ተስማማ። ከዚያ ወዲህ ሻለቃ ሽመልስ በተገኙበት ቦታ ሁሉ ያ ጥግ ተነበበ፤ ወጉን ከሚያውቁት መካከል ያላነበበው የለም፤ ባለቤቱ ብቻ አላነበበውም።

በኋላ የመጣውን ጦርነትና መቐለ የተዘጋችባቸውን ዓመታት ወይዘሮ አሰገደች ከከተማው ሕዝብ ጋር አሳልፈዋል። ክር ሲጠፋ አሮጌ ልብስ ተርትረው ክር እያወጡ፣ መብራት ሲጠፋ መኪናውን ወደ በረንዳ እያወጡ፣ ከወሎ መጥተው መቐለ ከከረሙት ከባለ ጨርቅ ሱቋ ጎረቤታቸው ከወይዘሮ ጣይባ ጋር ያላቸውን ተካፍለው እየበሉ ቆዩ። በዚያን ጊዜ ሰው ሁሉ በቤቱ ያለውን የወታደር ነገር ሲያወልቅና ሲቀብር፣ ሻለቃ ሽመልስም ምልክታቸውን ተርትረው ሸሸጉት። ነገሩ ሲረግብ ግን ይዘውት መጡ። ወይዘሮ አሰገደች በወቅቱ ኩላሊታቸው ታሞ ከአልጋ የሚነሡት በሰው ድጋፍ ቢሆንም፣ ልጃቸው ሩት ልስፋው ብትላቸው አልሰጧትም፤ ተነሥተው፣ መነጽር ደርበው፣ አራቱንም ጥግ ራሳቸው ሰፉት።

ሕመሙ ባለፈው ዓመት ሲጠናባቸው፣ እዚህ የቆሙት የነፍስ አባታቸው እንደ ሥርዓቱ የበደሏቸውን ሁሉ ይቅር እንዲሉ ጠየቋቸው። ወይዘሮ አሰገደች ብዙ ሰው ይቅር አሉ፤ እንዲያውም ሱሪው ያጠረባቸውን መምህር ሳይቀር በስም ጠርተው ይቅር አሉ። ለሻለቃ ሽመልስ ግን አንድ ነገር አስቀመጡ። ባርናባስ ቦታውን አልለቀቀም የምትል አንዲት ቃል ከአፋቸው ከወጣች፣ እዚያው አልጋው ላይ ሆነው አራተኛውን ጥግ በገዛ እጃቸው እንደሚተረትሩት፣ ጉዳዩንም አፈር እንደሚያለብሱት ለካህኑ ቃል ገቡ። መተርተሪያ ምላጫቸውን ትራስ ሥር አኖሩና ሰው ልከው ሻለቃውን አስጠሩ።

ሻለቃ ሽመልስ ብርቱካን ይዘው፣ ኮታቸውን ለብሰው መጡ። ኤልሳዕ፣ ሩትና አንባቢው በክፍሉ ነበሩ። ወይዘሮ አሰገደች አመስግነው፣ ወንበር አስቀርበው፣ እግዚአብሔር ምስክሬ ነው በለስላሳ ድምፅ ጠየቋቸው።

«ሻለቃ፣ ያን ቀን ባርናባስ የት ነበር? እዚህ ያለነው እኛው ነን። አንዲት ቃል ይንገሩኝና አርፌ ልሂድ።»

ሻለቃው ወለሉን እያዩ መለሱ።

«ያለፈውን አናንሳ እኅቴ። ሰው ሲፈራ ይሸሻል፤ እኔ ቂም አልያዝኩበትም።»

ቂም አልያዝኩበትም አሉ። ኤልሳዕ ከወንበሩ ሲነሣ እናቱ በዐይናቸው አስቀመጡት። ከዚያም ምላጩን ከትራሱ ሥር አውጥተው ለሩት ሰጧትና ብርቱካኑን ላጭልን አሏት። ሻለቃውን ደግሞ አንድ ነገር ለመኗቸው፤ ስሞት አስከሬኔን ከፊት በስተግራ በኩል እርስዎ ይሸከሙልኝ፣ የክብር ኮትዎንም ከነምልክትዎ ይልበሱልኝ አሏቸው። ሻለቃ ሽመልስ ልባቸው ተነክቶ፣ ዕንባ አቅርረው፣ ቃል ገቡ። ማታውን ወይዘሮ አሰገደች ለልጃቸው፣ ምልክት ይደረግ አይደረግ እያላችሁ አትጨቃጨቁ፣ ይደረግ፤ ሐሰተኛ ሰው ራሱን ለብሶ ይዞራል አሉት። ይህች ዓረፍተ ነገር ትገባ ያሉትም ራሳቸው ናቸው።

ወይዘሮ አሰገደች ይፍሩ በሕክምና ሲረዱ ቆይተው፣ ኅዳር 11 ቀን 2018 ዓ.ም. በተወለዱ በ61 ዓመታቸው፣ ሥጋ ወደሙን ከተቀበሉ በኋላ ከዚህ ዓለም ድካም ዐረፉ። ካህኑ ለቁርባን ያበቋቸው ቂማቸውን ለፈጣሪ ስለሰጡ ነው፤ እርሳቸው እንዳሉት፣ ቂሙን ለእግዚአብሔር፣ ታሪኩን ለሕዝብ ሰጥተዋል።

ሻለቃ ሽመልስ ቃላቸውን ጠብቀዋል። ዛሬ ከቤት እስከዚህ ቅጥር ድረስ አስከሬኑን ከፊት በስተግራ የተሸከሙት እርሳቸው መሆናቸውን ሁላችሁም አይታችኋል፤ አሁንም ከሳጥኑ አጠገብ ቆመዋል። በሳጥኑ ላይ የተነጠፈውን ነጭ ጨርቅም ተመልከቱ። መካከሉ ላይ ያለው ባለ ሦስት ድንጋይ ምልክት ለሃምሳ አለቃ ባርናባስ ወልዱ ማንም ያልሰጣቸውና ባለቤታቸው በመጨረሻው ወር አልጋቸው ላይ ሆነው የጠለፉላቸው ነው። ሦስቱ ጥግ ተሰፍቷል፤ አራተኛው ክፍት ነው። በዚያ ምሽግ የነበራችሁ፣ አሥር አለቃ በላቸውና ከየሀገሩ የመጣችሁ ጓደኞቻቸው፣ ወደፊት ቀርባችሁ ያን ጥግ በእጃችሁ እንድትነኩላቸው እኅታችን ተናዝዘዋል። ሌላው ለቀስተኛ ከሳጥኑ ጎን የቆመውን ሰው ደረት ይመልከት፤ ምን ማየት እንዳለበት አሁን ያውቃል። ሻለቃ ሽመልስ፣ አሁን የሚናገሩት ነገር ቢኖርዎ ቤተሰቡ ይሰማል፤ ካልሆነም ከዛሬ ጀምሮ የኮትዎን ስፌት የሚጠብቅልዎ ሌላ ሰው መፈለግ ይኖርብዎታል።

ወይዘሮ አሰገደች በሕይወት ትተዋቸው የሄዱት፣ የወደቀ ጀግና ልጅ መሆኑ ዛሬ በአደባባይ የተነበበለትን ልጃቸውን ኤልሳዕ ባርናባስን፣ መኪናቸውን የወረሰችውን ልጃቸውን ሩት ባርናባስን፣ የልጅ ልጃቸውን ሳምሪን፣ ታናሽ ወንድማቸውን ከፋለ ይፍሩን፣ ሳይለዩ ያስታመሟቸውን ወይዘሮ ጣይባን፣ አሥር አለቃ በላቸውን፣ እንዲሁም ሻለቃ ሽመልስን ከነአራት ጥጋቸው ነው።

የአብርሃም፣ የይስሐቅና የያዕቆብ አምላክ የእኅታችንን የወይዘሮ አሰገደችን ነፍስ በደጋጎቹ ዕቅፍ ያኑርልን። ሃያ አምስት ዓመት ሙሉ ፍትሐት ያልተደረገላቸውን፣ ቦታቸውን ያልለቀቁትን የሃምሳ አለቃ ባርናባስን ነፍስም ካህናት አባቶቻችን ዛሬ ከባለቤታቸው ጋር በስም ጠርተው ይፍቱልን። ለልጆቻቸው መጽናናትን ይስጥልን። ለሻለቃ ሽመልስ ደግሞ፣ ወይዘሮ አሰገደች ደጋግመው እንደለመኑላቸው፣ ጤናና ረጅም፣ በጣም ረጅም ዕድሜ ይስጥልን፤ በየበዓሉም ኮታቸውን ለብሰው ያሳየን። አሜን።